በዕድሜ የተሰለፉ ሙታን

የተሳሳተ ሰው አወጣን።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የቅድመ አያቴ ስም ነው፤ ከሞተ ዘጠና አንድ ዓመት አልፎታል። ከድንጋዩ ሥር የወጣው ግን ሮዝ ድድ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ነው፤ የላዩም የታቹም፣ አንድም ሳይጎድል። ቆፋሪው በአካፋው ጫፍ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አነሣውና ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

«ሽማግሌው ዘመናዊ ነበሩ ለካ» አለ።

የሳቀ የለም። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ወረቀቱን አየ፣ ጥርሱን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። የአባቴ ታላቅ ወንድም የሆኑት አጎቴ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ የማይፈልጉትን ነገር ሲያዩ ልማዳቸው ነው። አባቴ ግን ተጎንብሶ ጥርሱን አነሣና በመሐረቡ አበሰው። በግራ በኩል ያለችውን አንዲት የወርቅ ጥርስ በአውራ ጣቱ ነካ አደረጋት።

«የእትዬ ነው» አለ፤ የጠፋ መነጽሩን ባልጠበቀው ኪስ ውስጥ እንዳገኘ ሰው።

እትዬ የአባቴ አክስት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠው የሰው መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ጥርስ አሠሩ። ክርክር ሲሰለቻቸው ጥርሳቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ጥርሱ ከወጣ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። የሞቱት አምስት ዓመቴ ሳለ ነው። ድንጋያቸው ከበሩ ስምንተኛው ነው። እኛ የቆፈርነው የመጀመሪያውን ነው።

«ጎርፍ ያመጣው ነው» አሉ አጎቴ።

«ጎርፍ ከስምንተኛው ጥርስ መርጦ ወደ አንደኛው ያመጣል?» አልኩ።

«ስታስቲክስ ያስተማሩሽ ሰዎች ጎርፍ ምን እንደሚመርጥ ነግረውሻል?»

ተቆጣጣሪው መሃላችን ገባ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ግን የመቃብሩን ጭቃ ጠግቧል። ፈቃዱ የሦስት ሰው ነው አለ፤ የሦስቱ መሥራቾች፣ በስም። ከመካከላቸው ጥርስ ያሠራ ካለ እሱ አያውቅም።

«ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ማን የት እንደተኛ ተፈርሞ ካልመጣልኝ የማምነው ድንጋዩን ነው» አለ። «ነገ ጠዋት ከሦስቱ ጉድጓድ የወጣው ሁሉ ሐውልቱ ሥር ይገባል፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሲሚንቶ ደግሞ ይግባኝ የለውም።»

«መሥራች ያልሆነ ሰው ከወጣስ?»

ገጹን ገለጠና በአንድ ትንፋሽ አነበበው። «ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ይዛወራል፤ ባለትዳር ከሆነ ጎኑ ያለው ቦታ ለትዳር ጓደኛው ይያዛል፤ ፊርማው የቤተሰቡ ተጠሪ ወይም የትዳር ጓደኛ ይሆናል።»

አባቴ መሐረቡን ማጠፉን አቆመ። አይቼዋለሁ፤ ግን ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር ነገሬ አላልኩትም። ሁለት ባዶ ቅጽ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መቃብሩ ዋናው መንገድ ዳር ያለ፣ በአጭር የድንጋይ አጥር የተከበበ፣ ጠባብና ረዥም ቦታ ነው። ዘጠኝ ሰው በአንድ መሥመር ተኝቶበታል። በሩ ላይ «ታሪካዊ የቤተሰብ መቃብር» የሚል አረንጓዴ ቆርቆሮ ተመትቷል። ታሪካዊ ያደረገው ቅድመ አያቴ ነው። እዚህ ምንም ሳይኖር ዶማና ገመድ ይዞ መጥቶ የመጀመሪያውን የውሃ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከተማው በጉድጓዱ ዙሪያ በቀለ። ታናሽ ወንድሙን ቤተሰቡ «ገመዱ» ይለዋል፤ ሥራው ገመድ መያዝ ነበር። አንድ ቀን ሲያዛጋ ለቀቀው። ቅድመ አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አነከሰ፤ ወንድማማቾቹ ግን አልተጣሉም፤ ገመዱ ከሁሉም ቀድሞ በሳል ታሞ እስኪሞት ድረስ ከአንድ ቤት አልወጡም። የቅድመ አያቴ ሚስት ደግሞ ሰዎች ባልዲ ይዘው ሲጋፉ አይታ አንድ ጠዋት በእንጨት መሬት ላይ መሥመር አስምራ «በተራ» አለች። ለዚህ ከተማ ወረፋን ያስተማረችው እሷ ናት ይላል የአጎቴ መጽሐፍ። ሦስቱ መሥራቾች እነዚህ ናቸው።

የቀሩት ስድስቱ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አንድ ገጽ አላቸው። የሚሰፋው ሱሪ ሁሉ አንድ እግሩ የሚረዝም ልብስ ሰፊ አለ፤ ሰው ሲቆጣው «አቋቋምህን አስተካክል» ይል ነበር። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለቱንም ጊዜ በደብዳቤ የተፈታ ፖስተኛ አለ፤ ሁለቱንም ደብዳቤ ያደረሰው ራሱ ነው። አያቶቼ አሉ፤ ስለ እነሱ የሚነገር ነገር የለም፣ ሠርተው ልጅ አሳድገው ሞቱ። እትዬ አሉ። እናቴ አለች።

እናቴ ሦስት መሥመር ናት፦ የተወለደችበት፣ ያገባችው፣ የሞተችበት። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። ስለ እሷ የማስታውሰው የላስቲክ ጓንት ሽታ ነው፤ እሱም እውነት ይሁን በኋላ የፈጠርኩት ይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ድንጋይዋ ዘጠነኛው ነው፣ ጓሮ፣ ግድግዳው ሥር። አባቴ እሑድ እሑድ ይወስደኛል። መጥረጊያውን ይሰጠኝና «ሂጂ የእናትሽን ጥረጊ» ይለኛል፤ እሱ በሩ ጋ የቅድመ አያቴ ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ጠርጌያለሁ። አባቴ ግን አንድም ቀን እስከ ግድግዳው አልመጣም። ሐዘን ነው ይሉኝ ነበር ዘመዶቼ። እኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

አሁን መንገዱ ሊሰፋ ነው። ይስፋ ያለው የእኔ ሠንጠረዥ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ መኪና እንድቆጥር ነው። በሩ ጋ ያሉትን ሦስት መቃብሮች መንገዱ ይወስዳቸዋል። አጎቴ ስድስት ወር ሙሉ ማዘጋጃ ቤቱን ተመላልሰው ሦስቱ መሥራቾች ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ ሐውልት እንዲቆምላቸው አስወሰኑ። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው።

ተቆጣጣሪውና አጎቴ ከሄዱ በኋላ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ የአጎቴን መጽሐፍ ገለጥኩ። ስልኬ ላይ ሦስት ዓምድ ሠራሁ፦ የድንጋዩ ተራ፣ የልደት ዓመት፣ የሞት ዓመት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ ይህን ከዓመታት በፊት ልሠራው እችል ነበር።

የሞት ዓመቱ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። የልደት ዓመቱ ግን ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳ አንድም ሳይዛነፍ በተራ ይሄዳል። ታላቅ፣ ቀጥሎ ታናሽ፣ ቀጥሎ የታናሽ ታናሽ፣ እስከ እናቴ ድረስ። ሰው በዕድሜ ተራ አይሞትም። ዘጠኝ ሰው እንዲሁ በአጋጣሚ በዕድሜ ተሰልፎ የመገኘት ዕድሉ ከሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ውስጥ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አሰልፏቸዋል። በቤተሰባችን ሰው የሚያሰልፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አጎቴ ሠላሳ ሰባት ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ከተማው እስከ ዛሬ «ሰልፍ» ይላቸዋል።

ቆፋሪው አካፋው ላይ ተደግፎ ዳቦ ይበላ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «እንዲህ ያለ ጠባብ መቃብር ከየት ነው መሞላት የሚጀምረው?»

«ከጓሮ ነዋ። እንደ አውቶቡስ ነው፤ መጀመሪያ የገባ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የመጨረሻው በር ላይ ይቀራል። ከበሩ ከጀመርሽማ ሬሳ ተሸክመሽ በሰው ላይ ልትረማመጂ ነው።»

ሠንጠረዡን በሞት ዓመት ደረደርኩት። የመጨረሻዋ ሟች እትዬ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ታሪካዊ ተብሎ ስለተመዘገበ የተቀበረ የለም። በር ላይ መገኘት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ ጥርሳቸውም እዚያው ተገኘ። ከእሳቸው በፊት የሞተችው እናቴ ናት፤ ሁለተኛው ጉድጓድ የእሷ ነው። ሦስተኛው የፖስተኛው ነው። ነገ ጠዋት ከተማው መሥራቾቼ ብሎ ሲሚንቶ የሚያፈስባቸው የስልክ ቤት ሠራተኛ፣ ሁለት ጊዜ የተፈታ ፖስተኛና እናቴን ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ ገና አልተነቀለም፤ የገመዱ ስም አለበት። ተነሥቼ ዞርኩት። ተመልሼ ዞርኩት። ቆፋሪው «ተቀመጪ እባክሽ፣ እኔንም አዞርሽኝ» አለኝ።

አባቴን ፍለጋ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። አባቴ አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። መላጊያውን ይዞ ቆሟል፤ ጣውላው ላይ ግን አዲስ ፍቅፋቂ አልነበረም።

«እማዬ ያለችው ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «አውቃለሁ» አለ።

ቆምኩ። እግሬ ግን መቆም አልቻለም፤ ከመጋዙ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ መጋዙ ሄድኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ የቀበርኳት? ዝናብ ነበር። ከበሩ ገብተን አራት እርምጃ ነው የሄድነው።»

«ታዲያ እኔ አሥራ ሰባት ዓመት የጠረግሁት ማንን ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ጓሮ ያለው መጀመሪያ የሞተው ነው። ገመዱን መሰለኝ።»

«ገመዱን?»

«እሱም ሰው ነው፤ ቢጠረግለት ምን አለ።»

መሳቅ አልፈለግሁም ነበር። አምልጦኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ ይበልጥ ተናደድኩ። መላጊያውን አስቀመጠና ነገረኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጎርፉ የመቃብሩን አጥር ጥሶ ድንጋዮቹን ሁሉ ገነደሰ። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። ሲመለስ ታላቅ ወንድሙ ከሰባት ተማሪዎች ጋር ሁለት ቀን ለፍተው ዘጠኙንም ድንጋይ አቁመዋል።

«ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር» አለ። «ጋሼ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆመዋል። እንደዚያ ተደስተው አይቻቸው አላውቅም። ‹እንዴት ነው?› አሉኝ። አየሁት፤ የእናትሽ ድንጋይ ጓሮ ነው። ‹ያምራል› አልኩ። አንዴ ያምራል ካልኩ በኋላ ምን ልበል?»

«‹ጋሼ፣ ተሳስተዋል› ነዋ። ሁለት ቃል ነው።»

«ለአንቺ ሁለት ቃል ነው።»

«ነገስ? ነገም ያምራል ልትል ነበር?»

«ያሰብኩት… መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ። እሑድ እሑድ እዚያ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ልጁ ጠዋት ያነበበውን ሰምተሻል? ጎኑ ለትዳር ጓደኛ ይያዛል ያለውን።»

ሰምቻለሁ። የእሱን ጆሮ ግን አላሰብኩም ነበር። ታሪካዊው መቃብር ከተዘጋ ቆይቷል፤ አባቴ ሲሞት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል ነው የሚሄደው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንሥተነው አናውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ጫማው የቆሸሸ ልጅ፣ ሳያስበው፣ ቦታ ሊኖርህ ይችላል አለው። የአንድ ሰው ፊርማ ነው የቀረው።

«ተነሥ» አልኩት።

«ጋሼ አሁን ይተኛሉ። እስከ ስምንት ሰዓት።»

እውነቱን ነው። አጎቴ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ፤ ጎርፍም እሳትም ቢመጣ እስከ ስምንት ሰዓት ተራውን ይጠብቃል። በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ሰባት ጊዜ ተነሣሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ ቀጥሎ «ግቡ»።

የአጎቴ ክፍል ትምህርት ቤት ይሸታል፤ ጠመኔ፣ የቆየ ወረቀት፣ ቀለም። መስኮቱ ላይ ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የነሐስ ደወል ተቀምጧል። በግድግዳው ሥር መጽሐፋቸው በገመድ ታስሮ እስከ ወገቤ ተከምሯል፤ ሦስተኛው ኅትመት ነው። የክፍሉን በር የሠራው አባቴ ነው። ካበጠ ጀምሮ አይገጥምም፤ አጎቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ የሠራው ነው» ይላሉ። አባቴ በየጊዜው «እጀታውን ይዞ ወደ ላይ አንሥቶ መሳብ ነው» ይላቸዋል። አንሥተውት አያውቁም።

አጎቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አባቴ «ተቀመጥ» እስኪባል ቆመ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ሠንጠረዡን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ አወለቁት።

«ድንጋዮቹን በምን ቅደም ተከተል ነው ያቆሟቸው፣ ጋሼ?»

«በሥርዓት።»

«ሥርዓቱ ምንድን ነው?»

«ታላቅ ከታናሽ ይቀድማል።» ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነው የተናገሩት።

«ከሥር ያሉትስ? እነሱም ተሰለፉ?»

አጎቴ ደወሉን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ገፉት።

«ድንጋዮቹ ጭቃ ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቀው ነበር» አሉ። «የማን ድንጋይ የት እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም።»

«አባዬ ያውቅ ነበር።»

«አባትሽ አልነበረም።»

«ሲመጣ ለምን አልጠየቁትም?»

«መጥቶ አየው። ያምራል አለ።» ወደ አባቴ ዞሩ። «አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«ይኸው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቅጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ መጽሐፉ ላይ ዘረጋሁላቸው። ሦስት ስም ብቻ ነው የሚጻፈው አልኳቸው፤ እትዬ፣ እናቴ፣ ፖስተኛው። ከዚያ ፊርማ። መሥራቾቹ እዚያው ጓሮ ተኝተዋል፣ መንገዱ አይነካቸውም፤ ሐውልቱም ያለ አጥንት ይቆማል።

«ቅዳሜ ለሕዝቡ ምን ልበል?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳችሁ ተሳስቼ ነው ልበል? የትምህርት ቤቱ ልጆች በየዓመቱ ይሄን መጽሐፍ ይዘው እዚያ በር ይቆማሉ። ‹አንደኛ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ሁለተኛ ገመዱን የያዘው› ብለው በቃላቸው ይላሉ።»

«ልጆቹ ሊያርሙት ይችላሉ። እርማት ለልጅ አዲስ ነገር አይደለም።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ አጥንት ካልሲየም ነው ያልሽው? በዚህ ክፍል፣ በዚህ ወንበር ተቀምጠሽ። ካልሲየም ከሆነ የትም ቢገባ ምን ያናድድሻል?»

ብያለሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፤ ያኔ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ።

«አሁንም እላለሁ። ግን የማን ካልሲየም እንደሆነ ወረቀቱ ላይ በትክክል ይጻፍ።»

«መታሰቢያ ለስም ነው እንጂ ለአጥንት አይደለም። ስሙ ተከብሮ ከተቀመጠ ከሥሩ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታላላቆቻችንን ያዋረደ ቤተሰብ…»

ከዚህ በኋላ የተናገሩትን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የቅዳሜው ንግግር ነው። ጉድጓዱ፣ ገመዱ፣ መሬት ላይ የተሰመረው መሥመር። ሥርዓት በደማችን ነው የሚለው ክፍል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወፍራል። ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛወዝኩ። ስምንት ሰዓት ከአርባ። ማዘጋጃ ቤቱ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ገና አልሰፋም፣ በመኪና አርባ።

«ጋሼ» አለ አባቴ።

አጎቴ አልሰሙትም፤ ወይም ንግግር ላይ ያለ ታላቅ የታናሽ ድምፅ አይሰማም።

«ጋሼ» አለ ደግሞ። «ልጁ ጎኑ ይያዛል ብሏል።»

«የቱ ልጅ? የምን ጎን?»

«የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ። ለባል ወይም ለሚስት ጎኑ ይያዛል ብሏል። እሰማ ነበር።»

«እና?»

«እናማ ሃያ አንድ ዓመት በር ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎ ሲያልፉ እያዩኝ ‹ወንድሜ አያቶቹን ይወዳል› ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። መጽሐፉም ይታተም፣ ልጆቹም ይቁጠሩ አልኩ። አሁን ግን የመጣው ሲሚንቶ ነው። ዛሬ አንድ ቀን ከሰልፉ ልውጣ።»

የተናገረው በለሆሳስ ነው። አጎቴ መነጽራቸውን አነሡ፤ ግን አላደረጉትም።

«የቤተሰቡ ተጠሪ እኔ ነኝ» አሉ። «ያለ እኔ ፊርማ…»

«ወይም የትዳር ጓደኛ» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ አለ።»

አባቴ ቅጹን ከፊታቸው ወሰደ። ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አወረደ።

«በእርሳስ አይቀበሉም» አልኩና እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። ትልልቅ እጁ እስክሪብቶውን እንደ ምስማር ያዘው። የጻፈው አንድ መሥመር ነው፦ ከበሩ ሁለተኛ፣ ሚስቴ። ፈረመበት።

«ሌሎቹስ?» አልኩት። «እትዬስ? ፖስተኛው?»

«የእነሱ ተጠሪ ጋሼ ናቸው» አለ። «እኔ የራሴን ነው የማውቀው።»

ከዚያ ተነሣ። አጎቴ ተቀምጠው፣ «ሂድ» ሳይባል፣ ተነሣ። ታላቅ ወንድሙም ልብ አሉት፤ እጃቸው ደወሉ ላይ ቀረ።

«አልጨረስኩም» አሉ። «ተቀመጥ። የቅዳሜው ነገር፣ የእንግዶቹ አቀማመጥ ገና…»

አባቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና መሐረቡን አወጣ። ፈታው። የእትዬን ጥርስ፣ የላዩን በታቹ ላይ በደንብ ገጥሞ፣ በወንድሙ ፊት መጽሐፉ ላይ አስቀመጠው። የወርቋ ጥርስ ወደ አጎቴ ዞራለች። አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥርሱን አዩ፤ አፋቸውን ገጠሙ። እትዬን ከሁላችንም ይበልጥ የሚያውቋቸው እሳቸው ናቸው፤ በልጅነታቸው በእትዬ እጅ ነው ያደጉት።

ቦርሳዬን አንሥቼ ብድግ አልኩ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አለኝ አባቴ። «ጋሼ ሁለት ስም የሚጽፉ ከሆነ ወረቀት ስጫቸው። ጊዜ አለሽ፤ እኔ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ትደርሺብኛለሽ።»

ቁጭ አልኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ እኔም አላውቅም። ሁለተኛውን ባዶ ቅጽ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከጥርሱ ጎን አደረግሁት፤ አጎቴ አላዩትም፤ የሚያዩት ወንድማቸውን ነው። አባቴ ቅጹን ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፣ ወጣ፣ እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ትንሽ አነሣና ሳበው፤ በሩም ካበጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጥሞ ተዘጋ።